ራሱን የሚነዳ አውሮፕላንና እጁን የሚረሳ አብራሪ

ሥልጣኔ ለሰው ልጅ ያመጣው በረከት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ያለ ዋጋ የተሰጠ በረከት የለም። በእግሩ ይሄድ የነበረው ሰው መኪና ሲገዛ ጕልበቱ ይሰንፋል። በቃሉ ይደምር የነበረው የሒሳብ ሠራተኛ የመደመሪያ መኪና ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥለት፣ ዘጠኝ ጊዜ ሰባት ስንት እንደሆነ ለመናገር ቆም ብሎ ማሰብ ይጀምራል። ስልኩ ቁጥር የሚይዝለት ወጣትም የእናቱን ቁጥር እንኳ በቃሉ አያውቅም። ይህን የመሰለው ጉድለት ቢበዛ ያሳፍር ይሆናል እንጂ ሰው አይገድልም።

ዛሬ ለአንባቢ የምናቀርበው ጉዳይ ግን የሰው ነፍስ የተንጠለጠለበት ነው። ይኸውም የአውሮፕላን ጉዳይ ነው። በዘመናችን አንድ ትልቅ አውሮፕላን ከምድር ተነሥቶ ጥቂት እንደራቀ አብራሪው አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ አቅጣጫውን፣ ከፍታውንና ፍጥነቱን የሚጠብቀው አውቶፓይለት የሚባለው ራስ ነጂ መሣሪያ ነው። በረጅም በረራ ላይ አብራሪው መሪውን በእጁ ይዞ የሚነዳበት ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የበረራ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት የተከራከሩበት ጥያቄ ይህ ነው፤ መሣሪያው አንድ ቀን ሥራውን ጥሎ «እንግዲህ አንተው ንዳ» ያለ እንደሆነ፣ የአብራሪው እጅ ሙያውን ያስታውሰዋልን?

ጥያቄው የሩቅ አገር ሰዎች ጥያቄ እንዳይመስለን ከወሎ እንጀምር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑንም አንባቢ ይወቅልን።

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ደሴ ላይ በጉም ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ ክንዱ ላይ ያደርገዋል። የቦርከና ወንዝም ይህንኑ ቁልቁለት ተከትሎ ይወርዳል።

ይህን መንገድ የሚያውቅ የከባድ መኪና ሾፌር ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አይወርደውም። ከአፋፉ ላይ ሲደርስ ማርሹን ይቀንስና ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝለት ያደርጋል፤ ፍሬኑን ለክፉ ቀን ያስቀምጠዋል። ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ የሚከዳው በጣም በሚፈለግበት ቦታ ላይ ነውና። ይህን ዕውቀት ሾፌሩ ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ የተማረው በእግሩ፣ በጆሮውና በተቀመጠበት ወንበር ነው። ሞተሩ ሲያጓራ ድምፁን ይለየዋል፤ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ዐይኑ ሳያይ ወገቡ ያውቀዋል። ሙያ የምንለው ይህ ነው፤ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ካልተሠራበት ግን ሳይሰናበት የሚሄድ ዕውቀት።

ደሴ አውሮፕላንን በክፉ ቀን ያወቀች ከተማ ናት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች መጥተው ቦምብ ሲያዘንቡባት ንጉሠ ነገሥት ኀይለ ሥላሴ በዚያው ከተማ ነበሩ። በሰላሙ ጊዜ ግን የደሴ መንገደኛ በአየር ሲጓዝ የሚነሣውም የሚያርፈውም በኮምቦልቻ ሜዳ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ኮምቦልቻ በአየር ቀጥታ ሲለካ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳሽ 8 ኪው 400 የሚባለው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። ተሳፋሪው ቡናውን ጠጥቶ ሳይጨርስ ተራሮቹ ይታዩታል።

ለአብራሪው ግን እንዲህ ያለው ሜዳ እንደ ባሕር ጠረፍ ሜዳ አይደለም። በ1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ከስድስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፍን እንደ ልብ አይሸከምም። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ አውሮፕላኑ በእውነት የሚሄድበት ፍጥነት በመቶ 9 ወይም 10 ያህል ይጨምራል። መንኰራኵሩ መሬት ከነካ በኋላ ፍሬኑ ሊያበርደው የሚገባው ጕልበትም በመቶ 20 ገደማ ይበልጣል። ቀኑ ሞቃት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በዚህ ላይ ከሰዓት በኋላ ተዳፋቱን ተከትሎ የሚነሣው ነፋስና የክረምቱ ደመና አለ። እነዚህን ሁሉ የሚያመዛዝነው ዐይኑ ከመስኮቱ ውጭ፣ እጁ ከመሪው ላይ ያለው ሰው ነው።

በደጋው አገራችን አውሮፕላን ማብረር ከጥንቱም ቢሆን የእጅ ሙያ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፣ አውሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ ሲ 47 የሚባሉ የዲሲ 3 ዓይነቶች ነበሩ። እነዚህ አውሮፕላኖች በየአውራጃው በሣርና በጠጠር ሜዳ ላይ ሲያርፉ ኖረዋል። በ1940ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የመንገደኞች አውሮፕላን ካፒቴን ለመሆን የበቁት ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ሙያቸውን ያስመሰከሩት በዚሁ አውሮፕላን ነው። በ1955 ዓ.ም. ጄት መጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ግን ከሞተሩ ይልቅ በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ይበልጣል።

ራስ ነጂው እንዴት ተወለደ?

የአውቶፓይለት ዕድሜ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አጭር አይደለም። በ1906 ዓ.ም. ሎውረንስ ስፔሪ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ፓሪስ አጠገብ በሴን ወንዝ ላይ በተደረገ ውድድር፣ ብዙ ሕዝብ እያየው ሁለት እጁን ከመሪው አንሥቶ ወደ ላይ ዘረጋ፤ ረዳቱም ወጥቶ በክንፉ ላይ ተራመደ። አውሮፕላኑ ግን አልተገለበጠም። ምሥጢሩ ጂሮስኮፕ የሚባለው መሣሪያ ነው። እናቶቻችን የሚያሾሩት እንዝርት እስከ ዞረ ድረስ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ሁሉ፣ በፍጥነት የሚሽከረከር ነገር አቋሙን አይለቅም። አውሮፕላኑ ሲያጋድል መሣሪያው ልዩነቱን ያውቅና ክንፉን ይመልሳል።

ከዚያ ወዲህ ልጁ አድጎ አባቱን በልጧል። በ1957 ዓ.ም. በሎንዶን መንገደኛ የጫነ ትራይደንት የሚባል አውሮፕላን መንኰራኵሩን በራሱ መሣሪያ እየተመራ መሬት አስነካ። የሎንዶን ጭጋግ ለፈተናው የሚመች ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተሩ መንገዱን ያውቃል፤ የነዳጁን ሒሳብ ይሠራል፤ የሞተሩን ጕልበት ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ተገቢው መሣሪያ በምድር ላይ ካለለትም በጭጋግ ውስጥ ያሳርፋል።

ይህን መሣሪያ ማማት ውለታ ቢስነት ይሆናል። የመንገደኞች ጄት አደጋ ጄት ከተጀመረበት ዘመን ጋር ሲነጻጸር በብዙ እጅ የቀነሰው፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር፣ በዚህ መሣሪያ ነው። መሣሪያው አይደክምም፤ አይናደድም፤ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ወደ ሥራ አይመጣም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በውቅያኖስ በላይ ከፍታውን እንደ ቀኑ አጥብቆ ይይዛል። ሰው ይህን ለብዙ ሰዓት ሊያደርገው አይችልም። እንግዲያውስ ክርክሩ ምንድን ነው?

የቀለለው ሥራና የከበደው ፈተና

በ1976 ዓ.ም. ሊዛን ቤንብሪጅ የተባለች እንግሊዛዊት የሥነ ልቦና ሊቅ ሐሳቡን በአጭር ጽሑፍ አስቀምጣዋለች። የሐሳቧ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ መሐንዲሱ የሰውን ሥራ ለመሣሪያ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚሰጠው ቀላሉን ነው፤ ለመሣሪያ ያልተመቸው ከባዱ ክፍል ለሰው ይቀራል። ሰውየው ቀላሉን በየቀኑ ስለማይሠራ ይረሳል፤ ከባዱ ግን ድንገት ይመጣበታል። ስለዚህ መሣሪያው በተሻለ መጠን ሰውየው የበለጠ ሊሠለጥን ይገባል እንጂ ያነሰ አይደለም። ነገሩ ተቃራኒ ይመስላል፤ ግን እውነት ነው።

በ1989 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የአሜሪካ አየር መንገድ አሠልጣኝ፣ ካፒቴን ዋረን ቫንደርበርግ፣ አብራሪዎቹን ሰብስቦ በኮምፒዩተሩ ሰሌዳ ላይ ያለውን ሐምራዊ መስመር ብቻ የሚከተሉ «የሐምራዊው መስመር ልጆች» እንዳይሆኑ አስጠነቀቃቸው። ምክሩ ቀላል ነበር፤ ነገሩ ሲወሳሰብባችሁ ቁልፍ መነካካት ትታችሁ አውሮፕላኑን በእጃችሁ አብርሩ የሚል ነው።

ምክሩ ያልደረሰበት ቀን ግንቦት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር። የኤር ፍራንስ አውሮፕላን ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወደ ፓሪስ ሲበር በአትላንቲክ በላይ ሌሊት የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹን በረዶ ደፈናቸው። መለኪያው ሲታወክ አውቶፓይለቱ እንደ ሥርዐቱ ራሱን አላቀቀና አውሮፕላኑን ለሰዎቹ መለሰ። አውሮፕላኑ ምንም አልሆነም ነበር፤ ሞተሩም ክንፉም ደኅና ነበር። መሪውን የያዘው ረዳት አብራሪ ግን አፍንጫውን ወደ ላይ ሳበው፤ ፍጥነቱ ሞተ፤ ክንፉ አየር መሸከም አቃተው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ባሕር ላይ ወደቀ፤ 228 ሰዎች ሞቱ። ሦስት የሠለጠኑ አብራሪዎች እስከ መጨረሻው ምን እንደደረሰባቸው አላወቁም ነበር።

ከእጅና ከአእምሮ የትኛው ቀድሞ ይረሳል? ይህን ለማወቅ እስቲቨን ካስነር የተባለ የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር 16 የአየር መንገድ አብራሪዎችን በቦይንግ 747 ሲሙሌተር፣ ማለትም በምድር ላይ በቆመ የበረራ ማስመሰያ፣ ፈተናቸው። በ2006 ዓ.ም. የታተመው ውጤት ብዙ ሰው ከጠበቀው የተለየ ነበር። መሪ የመያዝና መለኪያ የማንበብ ሙያቸው ብዙም አልጠፋም፤ ትንሽ ዝጎ ነበር እንጂ። የጠፋው ሌላ ነው። ካርታው ሲጠፋባቸው የት እንዳሉ በአሳብ መከታተል፣ ቀጥሎ የሚደረገውን መወሰን፣ የተበላሸውን መሣሪያ ማወቅ አቃታቸው። ሳይጠሩት ከሚመጣው ከእጅ ሙያ ይልቅ አስቦ የሚሠራው ሙያ ቀድሞ ይደበዝዛል ማለት ነው። በበረራው ጊዜ አሳባቸው ከበረራው ርቆ የነበረው ይበልጥ ተቸግረዋል።

ይህ ነገር ከአብራሪ አልፎ የእያንዳንዳችንን ቤት የሚያንኳኳ ነው። በኋላ እንመለስበታለን።

የራሳችን ሰዎች

ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች እጃቸው የተፈተነበት ቀን ብዙ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ወደ ሜዳው ሊመልሱት ቢሞክሩ ሞተሮቹ ጠፉ፤ መንኰራኵሩ ሳይዘረጋ በሆዱ አሳረፉት። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ የቀሩት ተረፉ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት ጠላፊዎች የካፒቴን ልዑል አባተን ቦይንግ 767 ይዘው አውስትራሊያ እንዲወስዳቸው አስገደዱት። ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግራቸው አልሰሙትም። ሁለቱም ሞተሮች በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ጠፉ። አውሮፕላኑ ያለ ሞተር እየተንሳፈፈ፣ ከሆዱ ሥር በወጣች በነፋስ በምትዞር ትንሽ መዘውር ኀይል መሪው እየሠራለት፣ ካፒቴኑ ከጠላፊዎቹ ጋር እየታገለ ባሕር ላይ አሳረፈው። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50 ግን ከዚያ ውሃ ውስጥ በሕይወት ወጡ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን አውቶፓይለት የተጻፈለት ትእዛዝ የለውም። ሊረዳ የሚችለው የእጅ ሙያና የልብ ጽናት ብቻ ነው።

ሁሉም ቀን ግን እንዲህ በግልጽ የሚፈረድ አይደለም። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት ከቤይሩት በወጀብ ውስጥ የተነሣው አውሮፕላን ባሕር ላይ ወድቆ የተሳፈሩት 90 ሰዎች ሁሉ ሲሞቱ፣ የሊባኖስ መርማሪዎች አብራሪዎቹ ፍጥነቱን፣ ከፍታውንና አቅጣጫውን መቈጣጠር ተሳናቸው አሉ። አየር መንገዱ ግን ይህን ፍርድ አልተቀበለውም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከሁሉ የከበደው ቀን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። በዚያ እሑድ ጧት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ። ዋናው አብራሪ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፤ ከ8,000 በላይ የበረራ ሰዓት ነበረው። ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ነበር፤ የበረራ ሰዓቱም 361 ነበር።

ይህን አደጋ «አብራሪው እጁን ረሳ» በሚለው ምዕራፍ ውስጥ ዝም ብሎ መጻፍ ሐሰት ይሆናል። የሆነው ይህ ነው። በአውሮፕላኑ አፍንጫ በግራ በኩል ያለው የአየሩን አመጣጥ ማዕዘን የሚለካው መሣሪያ ከተነሡ ወዲያው ተበላሸና 75 ዲግሪ ገደማ የሚሆን የማይታመን ቁጥር አሳየ። ኤምካስ የሚባለው አዲስ የኮምፒዩተር ሥርዐት ይህን አንድ መሣሪያ ብቻ አምኖ «አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀንቷል» አለና ጭራውን እያዞረ አውሮፕላኑን ወደ ታች ገፋው። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ ሌላ ማክስ ወድቆ 189 ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ፣ ኤምካስ በአብራሪዎች መጽሐፍ ውስጥ እንኳ አልተገለጸም ነበር። ከቀድሞው 737 ወደ ማክስ የሚዛወሩ አብራሪዎችም በሲሙሌተር ሳይሆን በኮምፒዩተር ላይ በሚሰጥ አጭር ትምህርት ብቻ እንዲያልፉ ተፈቅዶ ነበር።

አብራሪዎቹ ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ እንደተመከረው የጭራውን ኤሌክትሪክ ቈረጡ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በወንበሮቹ መካከል ያለውን መዘውር በእጅ ማዞር ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስጨንቀው። የሞተሩ ጕልበት ከተነሡበት ሳይቀነስ ቀርቶ ፍጥነቱ ከተፈቀደው ልክ አልፎ ነበር፤ በዚያ ፍጥነት አየሩ ጭራውን ስለሚጫነው መዘውሩ እንቢ አለ። እጅ ተጠራ፤ እጅም መጣ፤ መዘውሩ ግን አልዞረም። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስ እንደገና ወደ ታች ገፋው።

በዚያ ሰሞን በአሜሪካ ምክር ቤት ሳይቀር «በእኛ አገር የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ያድነው ነበር» የሚል ቃል ተሰማ። በሁድሰን ወንዝ ላይ ያለ ሞተር አውሮፕላን ያሳረፈው ዝነኛው ካፒቴን ሱለንበርገር ግን በሰኔ 2011 ዓ.ም. በዚያው ምክር ቤት ቀርቦ፣ ሁኔታውን ራሱ በሲሙሌተር ሞክሮ እንዳየው፣ ችግሩን ገና ሳይፈቱ ጊዜው ሊያልቅባቸው እንደሚችል መሰከረ፤ የመሐንዲስን ስሕተት አብራሪ እንዲያርም መጠበቅ እንደማይገባም አስረዳ። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ መግለጫ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ ጥፋቱን በኤምካስ ላይ አደረገ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የኤምካስን ጥፋት ሳይክዱ፣ የአብራሪዎቹ አሠራርም በሚገባ አልተመረመረም፣ የሞተሩ ጕልበት አለመቀነሱ አልተብራራም ሲሉ አስተያየታቸውን ጨመሩ።

ከዚህ ክርክር የምንማረው ምንድን ነው? «ሰው ሙያውን ረሳ» የሚለው ነቀፋ እውነት ያለበት ቢሆንም፣ መሣሪያውን አበላሽቶ የሠራው ሰው መደበቂያም ሊሆን ይችላል። ከመሣሪያው ጋር ለሚውለው ሰው መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ሳይነግሩት፣ ሲበላሽ ለምን አላወቅህም ብሎ መጠየቅ ፍርድ ገምድልነት ነው። ያልነገሩትን መርሳት አይቻልምና። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ እንዲሉ፣ በፋብሪካ ውስጥ የተሸፈነው ነገር በቢሾፍቱ ማሳ ላይ ተገለጠ።

በሌላ በኩል ደግሞ የሰውም ድርሻ አለ። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የመጣ አንድ ቦይንግ 737 መውረድ በሚገባው ቦታ ሳይወርድ በ37,000 ጫማ ከፍታ አዲስ አበባን አልፎ ሄደ። ተቆጣጣሪዎቹ በሬዲዮ ቢጣሩ መልስ አጡ። እንደተዘገበው አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። አውቶፓይለቱ የተሰጠውን መንገድ ጨርሶ ሲላቀቅ የጮኸው ደወል ቀሰቀሳቸው፤ ዞረውም በሰላም አሳረፉት። አየር መንገዱ ሠራተኞቹ ጉዳዩ እስኪመረመር ከሥራ እንዲገለሉ ማድረጉን አስታወቀ። እዚህ ላይ መሣሪያው በታማኝነት አገልግሏል፤ የቀሰቀሳቸውም እርሱ ነው። ግን ደግሞ ሰው የሚተኛው ሌላው ነቅቶ እንደሚጠብቅለት ሲያምን ነው።

ምን ይደረግ?

መድኀኒቱ መሣሪያውን ማውለቅ አይደለም። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በ2005 ዓ.ም. ለአየር መንገዶች ባወጣው ማሳሰቢያ፣ የአየሩ ጠባይና የሥራው ሁኔታ ሲመች አብራሪዎች በእጃቸው እንዲያበርሩ አበረታቱ ሲል መከረ። ሲሙሌተርም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአዲስ አበባ ማሠልጠኛው ለልዩ ልዩ አውሮፕላኖቹ ሲሙሌተሮች አሉት፤ ማክስንም ወደ በረራ የመለሰው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በሲሙሌተር ውስጥ ሞተር ይጠፋል፤ መለኪያ ይዋሻል፤ ማንም ግን አይሞትም። ዋናው ነገር ፈተናው አስቀድሞ የታወቀ እንዳይሆን ነው። ተማሪው የፈተናውን ቀንና ጥያቄውን አስቀድሞ ካወቀ የሚያሳየን ሙያውን ሳይሆን ጥናቱን ነው።

ከዚህ ሌላ ብዙ ያልተነገረለት ትምህርት ቤት አለን፤ እርሱም እንደ ኮምቦልቻ ያለው ትንሽ ሜዳ ነው። ሒሳቡን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ የሚበር ሰው በብዙ ሰዓት በረራ ውስጥ አንድ ጊዜ ይነሣል፤ አንድ ጊዜ ያርፋል፤ ያችንም አንድ ማረፊያ ከጓደኞቹ ጋር ይከፋፈላታል። በወር ውስጥ ብዙ ሰዓት ይመዘገብለታል፤ መሪውን ይዞ መሬት የነካበት ቀን ግን ጥቂት ነው። በአገር ውስጥ መሥመር የሚሠራው ግን በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜ ያርፋል፤ ተራራውን፣ ነፋሱንና ደመናውን በየቀኑ ይጋፈጣል። በመዝገብ ላይ የመጀመሪያው ሰው ሰዓት ይበልጣል፤ በእጅ ላይ ግን የሁለተኛው ሙያ ሊበልጥ ይችላል። የሰዓት ብዛትና የሙያ ብዛት አንድ አይደሉም። ወጣቱ አብራሪ ወደ ትልቁ ጄት ለመዛወር ሲቸኩል ይህን ቢያስብ ይጠቀማል፤ አየር መንገዱም ትንሹን ሜዳ የመሸጋገሪያ ወንበር ብቻ ሳይሆን የሙያ መሠረት አድርጎ ቢያየው መልካም ነው።

ለእኛስ?

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ወጣቶች ብዙዎቹ አውሮፕላን አያበርሩም። ነገር ግን ሁላችንም የየራሳችን አውቶፓይለት አለን። በዩኒቨርሲቲ ያለው ተማሪ ድርሰቱን የሚጽፍለት ኮምፒዩተር አግኝቷል። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ወጣት ሹም የበጀቱን ሠንጠረዥ ቁልፍ ተጭኖ ያወጣል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን ሲጠየቅ ፊቱ ይቀላል። መብራት ሲጠፋ ሥራው አብሮ የሚጠፋበት መሥሪያ ቤት ስንት ነው? ኔትዎርክ የለም ተብሎ ባለጉዳይ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ተመላልሶ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ያ ሠራተኛ ያለ መሣሪያው ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ረስቶታል ማለት ነው።

የካስነርን ፈተና እናስታውስ። አስቀድሞ የሚደበዝዘው እጅ አይደለም፤ «አሁን የት ነኝ? ይህ ቁጥር ሊሆን ይችላልን? ቀጥሎ ምን ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቀው አሳብ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገን ልማድ ውድ አይደለም። ሠንጠረዡ ድምሩን ሳያሳየን በፊት ውጤቱ ስንት አካባቢ እንደሚሆን በአሳባችን መገመት፤ ደብዳቤውን መሣሪያው ከመጻፉ በፊት ፍሬ ነገሩን በራሳችን ቃል ማስቀመጥ፤ በወር አንድ ቀን ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጃችን መሥራት። ይህን የሚያደርግ ሰው መሣሪያው ሲሳሳት ያውቅበታል፤ ይህን የማያደርግ ሰው ግን መሣሪያው ሲሳሳት አብሮት ይሳሳታል፤ ያውም በፊርማና በማኅተም።

ወደ ወረዳ የተመደበው ወጣትም ዕጣውን አይርገም። በዋናው መሥሪያ ቤት ሥራው ለብዙ ሰው ተከፋፍሎ አንዱ የሚይዘው ቁራጭ ነው። በትንሹ ቦታ ግን መዝገብ ያዡም፣ ገንዘብ ቈጣሪውም፣ ባለጉዳይ አነጋጋሪውም እርሱ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ «ይነሣል»፤ ብዙ ጊዜ «ያርፋል»። እንዲህ የሠለጠነ ሰው በኋላ ትልቅ ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ ከፊቱ ያለው ሰሌዳ ሲጠፋ አይደነግጥም።

መሣሪያ የሚሠሩትም ድርሻቸውን አይርሱ። ከሰው ሥራ የወሰዱትን ለሰው ይንገሩት፤ መሣሪያው ሲሳሳት የሚያርመው ሰው መዘውሩን ማዞር የሚችልበትን መንገድ ይተዉለት። ሰው በመሣሪያ ሲያምን መልካም ነው፤ እምነቱ ግን በማወቅ ላይ የቆመ ይሁን። ራስ ነጂ መሣሪያ የተፈጠረው የአብራሪውን ድካም ሊያቀልለት ነው፤ አብራሪነቱን ሊወስድበት አይደለም። በአየርም ሆነ በምድር፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ከኋላው ስንት ነፍስ እንደተሳፈረ እያሰበ እጁንም አሳቡንም ከሥራ አያስፈታ።